የማይታየው ንጣፍ ስንት ያወጣል?

አንድ ኩባንያ ለምርምር የሚያውለው ገንዘብ ወጪ ነው ወይስ ካፒታል? የአሜሪካዊው ኬሚስት የዶክተር ኧርቪንግ ላንግሙር የሥራ ዘመን ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ዶክተር ላንግሙር በኒው ዮርክ ግዛት፣ ስኬነክታዲ ከተማ ወደሚገኘው የጄኔራል ኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1909 ነበር። በወቅቱ የተንግስተን አምፖሎች ጥቂት እንደበሩ ውስጣቸው እየጠቆረ ያስቸግር ነበር። ባለሙያዎች ጥፋቱን በውስጡ በቀረው አየር ላይ ጥለው አምፖሉን ይበልጥ ባዶ ለማድረግ ይጣጣሩ ነበር። ዶክተሩ ግን ጥቁረቱ ከጋለው ክር የሚተን ብረት መሆኑን ደረሱበት። በመሆኑም ክሩን ጠምዝዘው አምፖሉን በጋዝ በመሙላት ትነቱን ቀነሱ። በ1913 የቀረበው የፓተንት ማመልከቻ በ1916 ጸደቀ፤ ኩባንያውም በዚያው ኤሌክትሪክ የበለጠ ብርሃን የሚሰጥ ሸቀጥ አገኘ።

ጋዝ በጋለ ብረት ገጽ ላይ እንዴት እንደሚጣበቅ ሲያጠኑ የቆዩት ሳይንቲስት፣ ስለ ገጽታ የጀመሩትን ጥያቄ ወደ ፈሳሽ አሻገሩት። በ1917 ባወጡት ጥናት፣ ቅባት በውኃ ላይ ሲዘረጋ የአንድ ሞለኪውል ውፍረት ብቻ ያለው ንጣፍ ሊሠራ እንደሚችል አስረዱ። ሞለኪውሎቹ አንድ ጫፋቸውን ውኃው ላይ ተክለው ጎን ለጎን ይቆማሉ። ስለ ገጽታ ኬሚስትሪ ባደረጉት ምርምርም በ1932 የኖቤል ሽልማት አገኙ።

ንጣፉን ከውኃ ወደ መስተዋት ያሸጋገሩት ደግሞ በ1918 የቤተ ሙከራው የመጀመሪያ ሴት ሳይንቲስት ሆነው የተቀጠሩት ካትሪን ብሎጀት ናቸው። መስተዋቱ ውኃው ውስጥ ገብቶ በወጣ ቁጥር ንጣፍ በንጣፍ ላይ ይደረባል። የአንዱ ውፍረት 2.5 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን፣ አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በ1938 ዶክተር ብሎጀት 44 ንጣፎችን ደርበው የማያንጸባርቅ መስተዋት ሠሩ። ከንጣፉ ላይኛው ገጽ የሚመለሰው ብርሃንና ከሥሩ ካለው መስተዋት የሚመለሰው እርስ በርስ ስለሚጠፋፉ፣ ተራ መስተዋት የሚመልሰው 8 በመቶ ያህል ብርሃን በአብዛኛው ያልፋል።

ይሁንና ገበያው ሌላ ፈረደ። ከሳሙና ዘር የሆነው ንጣፍ ለስላሳ በመሆኑ ሲጠረግ ይለቅ ነበር። በዚያው ዓመት የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች የፍሎራይድ ጨው በቫኩም ውስጥ አትንነው መስተዋት የመቀባት ዘዴ ይዘው ቀረቡ። ዛሬ የካሜራና የመነጽር ሌንሶች ልባስ በአብዛኛው የሚሠራው በቫኩም ነው። የሁለቱ ሳይንቲስቶች ስም ግን ላንግሙር-ብሎጀት በሚባለው የንጣፍ ሥራ ዘዴ በዓለም ቤተ ሙከራዎች ይጠራል።

ያው ቤተ ሙከራ፣ ያው ጥያቄ፤ አንዱ ግኝት በጥቂት ዓመት ሸቀጥ ሲሆን ሌላው ክብር ይዞ ገበያውን ለሌላ ለቀቀ። ምርምርን የሚደግፍ ባለሀብት ሒሳቡን በአንድ ሙከራ ሳይሆን በጠቅላላው ቢያሰላ ያዋጣዋል። የተጠናቀቀ ግኝት ለመግዛት የሚደራደር ግን “ይሠራል ወይ?” ብሎ ማቆም የለበትም፤ “ሲጠረግስ?” ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።