አልከፈት ያለው አባሪ

ደብዳቤው እጅዎ ገብቶ ሳለ ፖስታው አልቀደድ ቢልዎ ምን ይሰማዎታል? በኮምፒውተር ዘመን እንዲህ ያለው ነገር በየዕለቱ ይደርሳል። ልጅዎ በውጭ አገር ትምህርት ቤት የተቀበለችበት ደብዳቤ፥ ወይም ከሐኪም ቤት የተላከ የምርመራ ውጤት በኢሜይል ይመጣል፤ የአባሪው ምልክት ከደብዳቤው ግርጌ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ሲጫኑት ግን ወይ ባዶ ነጭ ገጽ ይወጣል፥ ወይ ከነጭራሹ ምንም አይመጣም። ትናንት እንዲህ ያለው ሰነድ ያለ ችግር ይከፈት ነበር። በመካከሉ የሆነው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ብራውዘሩ ሌሊቱን ራሱን አድሶ አደረ።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ላኪውን «እባክህ እንደገና ላክልኝ» እያለ ያስቸግራል፤ አለዚያም ተበሳጭቶ በመስኮቱ ላይ ብቅ ያለውን ሁሉ ይጫናል። የመጀመሪያው ጊዜ ያባክናል፤ ሁለተኛው ግን ንብረት ያጠፋል፤ ይህንንም ወደ በኋላ እንመጣበታለን።

በመጀመሪያ አባሪ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይበጃል። ኢሜይል ሲፈጠር ፊደል ብቻ እንዲሸከም ሆኖ ነበር። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሬይ ቶምሊንሰን በ1971 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው መልእክት ሲልክ፥ ሥዕልና ድምፅ የሚጫንበት መንገድ ገና አልነበረም። ይህ የመጣው ከ20 ዓመት በኋላ ነው። ናትናኤል ቦረንስታይን የተባለው ሊቅ ማርች 11 ቀን 1992 ከሦስት የሥራ ባልደረቦቹ ጋር የሚዘምርበትን ጓድ ፎቶግራፍና ዜማ በደብዳቤው ላይ አያይዞ ላከ። ማይም የሚባለው ይህ ዘዴ ፋይሉን ወደ ተራ ፊደላት ይለውጠዋል፤ 3 ባይት የነበረው 4 ፊደል ይሆናል። ስለዚህ አባሪ በመንገድ ላይ ሳለ ከራሱ ክብደት በሲሶ ያህል ይጨምራል። ከዚህም በላይ ማይም በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ «ይህ ፎቶግራፍ ነው፤ ይህ ፒዲኤፍ ነው» የሚል ምልክት ይለጥፋል።

ብራውዘርዎ ይህን ምልክት አንብቦ ይፈርዳል፤ ወይ ራሱ ገልጦ ያሳያል፥ ወይ ለሌላ ፕሮግራም ያስረክባል፥ ወይ ወደ መጋዘን ያወርዳል። እድሳት በመጣ ጊዜ የሚለወጠው ይህ ፍርድ ነው እንጂ ሰነዱ አይደለም። ለምሳሌ ያህል ቀድሞ ፒዲኤፍ በብራውዘር ውስጥ የሚከፈተው ከውጭ በተተከለ ተጨማሪ ፕሮግራም አማካይነት ነበር። ያ በር ለሌባም አመቺ ስለ ነበረ ክሮም በሴፕቴምበር 2015፥ ፋየርፎክስም በማርች 2017 ዘጉት፤ ፋየርፎክስ ለፍላሽ ብቻ ለጥቂት ጊዜ ትቶለት ነበር። በዚያ በር የለመዱ መሥሪያ ቤቶች አንድ ቀን ማለዳ ነጭ ገጽ ጠበቃቸው። መዝጋቱ ተገቢ ነበር፤ ነገር ግን ለባለጉዳዩ አስቀድሞ በሚገባው ቋንቋ የነገረው አልነበረም፤ ይህ የፕሮግራም ሠሪዎች የቆየ አመል ነው።

እንግዲህ ምን ያድርጉ? አባሪውን እዚያው ደብዳቤው ውስጥ ለመክፈት አይታገሉ፤ ወደ ኮምፒውተርዎ ያውርዱትና ከወረዱት ፋይሎች መካከል ፈልገው ከዚያ ይክፈቱት። ከዚያ ከተከፈተ ሰነዱ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ የብራውዘሩ የማሳያ ክፍል ነው። እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ችግር የሚመስለው ችግር አይደለም። ክሮም ፒዲኤፍን «ክፈት» ወይም «አውርድ» የሚል ምርጫ በቅንብሩ ውስጥ አለው፤ «አውርድ» በሚለው ላይ ካለ ሲጫኑት ዝም ያለ ይመስላል እንጂ ፋይሉ በጓዳ ይከማቻል። አንዱን ደብዳቤ ሰባት ጊዜ አውርዶ «አልመጣልኝም» የሚል ሰው ሞልቷል።

ከወረደ በኋላም አልከፈት ካለ መጠኑን ይመልከቱ። ደብዳቤው 2 ሜጋባይት ብሎ የወረደው ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ከሆነ፥ በእጅዎ ያለው ሰነዱ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሰነዱን ስም የለበሰ የመግቢያ ገጽ ነው፤ አገልግሎቱ ማንነትዎን ረስቶ «የይለፍ ቃል ስጥ» ያለበትን ገጽ ብራውዘሩ በየዋህነት አስቀምጦታል። ከኢሜይሉ ፈጽመው ይውጡ፤ ተመልሰው ይግቡ፤ እንደገና ያውርዱ።

ይህም ካልረዳ ኢሜይልዎን በብራውዘሩ የግል መስኮት ይክፈቱት። በዚያ መስኮት ውስጥ እርስዎ ካልፈቀዱላቸው በቀር ተቀጥላ ፕሮግራሞች አይሠሩም፤ የቆየ የተከማቸ ነገርም አይገባም። እዚያ ከተከፈተ ጥፋተኛው ከተቀጥላዎቹ አንዱ ወይም አሮጌው ክምችት ነው። ተቀጥላዎቹን አንድ በአንድ እያጠፉ ይሞክሩ። ክሮም በ2024 እና በ2025 የቀድሞውን ዓይነት ተቀጥላ ደረጃ በደረጃ ስለ ዘጋ፥ ሰነድ ለመክፈት በእንዲህ ያለው የተመኩ ሰዎች ምክንያቱን እዚህ ያገኙት ይሆናል።

የስም መለወጥም ያሳስታል። ከ2007 ወዲህ ያለው የዎርድ ሰነድ በውስጡ ሲታይ የታመቀ ጥቅል፥ ዚፕ ማለት ነው። ስለዚህ በአሮጌው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ዘመን ምልክቱ የጠፋበት የዎርድ ደብዳቤ «ዚፕ» ተብሎ ይወርድ ነበር፤ መድኃኒቱም የስሙን መጨረሻ ወደ ዶክኤክስ መመለስ ብቻ ነበር። የአይፎን ፎቶግራፍ ደግሞ ሌላ ነው። ከ2017 ጀምሮ ስልኩ ሄይክ በሚባል ዓይነት ያነሣል፤ ይህን የማይገልጡ ብራውዘሮች ስላሉ ላኪው በጄፔግ ቢልክልዎ ይሻላል።

አሁን ወደ አደጋው እንምጣ። አባሪ አልከፈት ባለ ጊዜ «ብራውዘርዎ አርጅቷልና ይህን ተጭነው ያድሱ» የሚል ሰሌዳ ከገጹ መካከል ብቅ ቢል አይንኩት። እውነተኛው እድሳት የሚገኘው በብራውዘሩ በራሱ ቅንብር ውስጥ ነው። ይህን መንገድ ሌቦች ያውቁታል፤ ሰው በቸኮለ ጊዜ አያመዛዝንም። ሜይ 4 ቀን 2000 የፍቅር ደብዳቤ የሚል ስም የያዘ አባሪ ከፊሊፒንስ ተነሥቶ ዓለምን አዳረሰ። ዊንዶውስ የፋይሉን ስም መጨረሻ ስለሚደብቅ ተራ ጽሑፍ ይመስል ነበር፤ የከፈቱት ሰዎች ፎቶግራፎቻቸው ጠፉ፤ ደብዳቤውም በአድራሻ መዝገባቸው ላሉት ሁሉ በስማቸው ተላከ። እንግዲህ የፋይሉ ስም በሁለት ነጥብ ተከፍሎ ሁለት መጨረሻ ካለው ሳይከፍቱ ላኪውን በስልክ ይጠይቁ። ጸረ ቫይረሱንም «አባሪው ይከፈት» ብለው አያጥፉት።

ሰነዱ ተከፍቶ የአማርኛው ጽሑፍ በላቲን ፊደልና በምልክት የተዘበራረቀ ሆኖ ከታየ ግን ብራውዘሩን አይውቀሱ። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም መዝገብ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ ፊደላት የእኛን ቅርጾች በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። በእነዚያ የተጻፈው የቆየ ደብዳቤ ያው የጽሕፈት ፊደል በእርስዎ ኮምፒውተር ካልተጫነ አይነበብም። ላኪው ፊደሉን በውስጡ አካትቶ በፒዲኤፍ እንዲልክልዎ ይጠይቁት፤ ያን ጊዜ በየትኛውም ብራውዘር እንደ ተጻፈ ሆኖ ይነበባል።