ግላሱና በቅሎዋ፦ «ፉል ኦፕሽን» ጎንደር ላይ ስንት ያወጣል?

«ዲኤክስ»ን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ሹፌር አይገኝም። ባለ ማዕዘን ኮሮላ፣ በእጅ የሚዞር መስኮት፣ ቀጥ ያለ ዳሽቦርድ። የስሟን ትርጉም ልብ የሚል ግን ጥቂት ነው። ዲኤክስ «ዴሉክስ» የሚለው ቃል አጭር አጻጻፍ ሲሆን ባለ ምቾት፣ ባለ ቅንጦት እንደ ማለት ነው። ቶዮታ «ስታንዳርድ» ከሚለው ባዶ ሞዴሉ በላይ ጥቂት ጌጥና ምቾት የታከለባትን መኪና ለመለየት የለጠፈው ምልክት ነበር። የዘመኑ ገዢም ለዚያ ጭማሪ ከኪሱ አውጥቶ ከፍሏል። ከአርባ ዓመት በኋላ ጭማሪው ምን እንደነበር የሚያስታውስ የለም፤ መኪናዋ ግን አሁንም ትሸጣለች። የሚያሸጣት ሞተሯ በማለዳ ብርድ መነሳቱ፣ መካኒኩ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታት መሆኗና መለዋወጫዋ አለመጥፋቱ ነው።

ዲኤክስ ላይ የደረሰው በሌሎቹም ላይ ይደርሳል። መኪና አዲስ ሆኖ ሲሸጥ የቆዳ ወንበሩ፣ የሚከፈተው ጣሪያ፣ ትልቁ ስክሪን ሁሉም በየፊናቸው ዋጋ አላቸው። መኪናው እጅ በቀየረ ቁጥር ግን እነዚህ ጭማሪዎች ከመኪናው በፈጠነ ሁኔታ ያረጃሉ። የዛሬ አሥር ዓመት ያስደነቀ ስክሪን ዛሬ ከኪስ ስልክ ያነሰ ነገር ነው። በአውሮፓም በአሜሪካም የመጀመሪያው ገዢ ለጭማሪ ካወጣው ገንዘብ ሲሸጥ የሚመለስለት ከፊሉ ብቻ ነው። የጎንደር ልዩነት ሌላ ነው፤ እዚህ አንዳንዱ ጭማሪ ሳይመለስ መቅረቱ ሳያንስ ዋጋ ይቀንሳል።

ደላሎች ሁሉንም በአንድ ቃል ይጠቀልሉታል፦ «ፉል ኦፕሽን»። ቃሉ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። አንድ ጊዜ ፓወር መሪ፣ በቁልፍ የሚወርድ መስኮትና ኤሲ ያለው መኪና ፉል ኦፕሽን ይባል ነበር። ዛሬ እነዚህን የያዘ መኪና «ኖርማል» ነው፤ ፉል ለመባል የኋላ ካሜራ፣ ያለ ቁልፍ የሚነሳ ሞተርና የሚሞቅ ወንበር ይጠየቃል። ከነገ ወዲያ ምን እንደሚጠየቅ ደላላውም አያውቅ። ስለዚህ ልምድ ያለው ገዢ ቃሉን እንደ ሰላምታ ሰምቶ ያልፈውና ኮፈኑን ይከፍታል።

የሰሜን ጎንደር ደጋ ሰው ይህን ፈተና ከመኪና በፊት ያውቀዋል። በቅሎ ሲገዛ ግላሱን፣ የተዋበ ኮርቻውንና ልጓሙን አይቶ ያደንቃል፤ ከዚያ ግን ጥርሷን ይከፍታል፣ ኮቴዋን ያነሳል፣ ትንሽ ያስኬዳታል። ሰጋር ከሆነች ይጨምራል፤ አካሄዷ አብሯት የተወለደ ነውና። ግላሱ ግን የጌታዋ ነው፤ በዋጋ ሳይስማሙ አውርዶ ይዞት ሊሄድ ይችላል። የመኪና ኦፕሽንም እንዲሁ በሁለት ይከፈላል፤ አንዳንዱ ሰጋርነት ነው፣ አንዳንዱ ግላስ።

ሰጋርነቱን የሚፈትነው ዳገቱ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ትገኛለች። ወደ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በስተሰሜን ያለችው ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከደባርቅ ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚገባው ጠጠር መንገድ በሳንቃበር አድርጎ ጨነቅ ሲደርስ 3,600 ሜትር ያልፋል፤ ወደ ጃናሞራ ለመሻገር በቧሂት ጫፍ አካባቢ ከ4,000 በላይ ይወጣል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ ነዳጁን በሚገባ አያነደውም።

ስሌቱን በቪትዝ ላይ መሥራት ይቻላል። የመጀመሪያዋ ባለ 1 ሊትር ቪትዝ 70 ያህል የፈረስ ጉልበት ይዛ ከፋብሪካ ወጥታለች። ጎንደር ስትደርስ አምስተኛው እጅ ቀርቶባት 55 አካባቢ ይኖራታል፤ ደባርቅ ላይ ከዚያም ያንሳል። አምስት ሰው ጭና ዳገት ስትይዝ ኤሲው ከተከፈተ፣ ኮምፕረሰሩ ከዚችው ጉልበት ጥቂት ይወስዳል። ሹፌሩ በዳባት በኩል ሲወጣ ኤሲውን የሚያጠፋው ለመቆጠብ ብቻ አይደለም። ደጋው ራሱ በነፃ ያቀዘቅዛልና ኤሲ እዚያ ግላስ ነው። ያው መኪና ወደ መተማ ወይም ወደ ሁመራ ቆላ የሚወርድ ነጋዴ እጅ ሲገባ ግን ኤሲው የማይሠራ ከሆነ ቅናሽ ይጠየቅበታል። ከአዘዞ በታች የሚሠራ ሰውና ከወገራ በላይ የሚሠራ ሰው ለአንድ መኪና ሁለት ዋጋ ቢሰጡ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

የሚከፈት ጣሪያ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። በደረቅ ወራት የፒስታ አቧራ በሐዲዱ ይገባል፤ ክረምት ላይ የውሃ ማፍሰሻ ቱቦው ተደፍኖ ጣሪያውን ያራጥባል። ትልቅ ቸርኬ ላይ የተገጠመ ስስ ጎማም አስፋልት ላይ ያምራል፤ ጠርዝ ባለው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ግን የሚታጠፈው ቸርኬው ነው፣ ከዚያ የጎሚስታ ሥራ ይሆናል። የቆዳ ወንበር እንደ ጤናው ነው፤ ያልተሰነጠቀ ከሆነ ያስደስታል፣ ከተሰነጠቀ ከጨርቁ የባሰ ያስረጃል።

ዋናው አደጋ ያለው ከወለሉ በታች ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በአንዳንድ ባለ 100 ቁጥር ላንድክሩዘሮች ላይ በፈሳሽ ግፊት ከፍና ዝቅ የሚል እግር ገጠመ። ከዚያ በኋላ በመጣው ፕራዶ 120 የተሻሉ ደረጃዎች ላይ የኋላ እግሩ በአየር ከረጢት ላይ ተቀመጠ። አዲስ ሆኖ ሲነዳ እንደ ጀልባ ነው። ከረጢቱ ሲፈነዳ ወይም ፓምፑ ሲደክም ግን መኪናው በአንድ ጎኑ ያጎነብሳል፤ ባለቤቱም የዕቃውን ዋጋ ሰምቶ አብሮት ያጎነብሳል። በብዙ አገር የተለመደው መፍትሔ ሥርዓቱን አውጥቶ ተራ ሞላ መግጠም ነው። ሻጩ «ወደ ሞላ ተቀይሯል» ሲል በሌላ አገር ጉድለት የሚመስለው ነገር እዚህ ማረጋጊያ ሆኖ ይሰማል፤ ሞላና ባልስትራን ማንኛውም ጋራዥ ያውቃቸዋልና።

መለዋወጫው ከየት እንደሚመጣ ማሰብም ይጠቅማል። ያገለገለ ዕቃ ሲፈለግ ስሙ የሚነሳው የአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ነው። ከዚያ እስከ ጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ፤ መንገዱም ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። የኮሮላ የፍሪሲዮን ዕቃ ጎንደር ከተማ ውስጥ ይገኛል። ለአንድ ዓይነት መኪና ብቻ የተሠራ የወንበር ሞተር ወይም ሴንሰር ግን ይታዘዛል፣ ይጠበቃል፣ አንዳንዴም የመጣው ልክ ሳይሆን ይቀራል። ስለዚህ ልብ ያለው ገዢ የሚያሰላው ኦፕሽኑ የሚሰጠውን ደስታ ሳይሆን ሲበላሽ መኪናውን ስንት ቀን እንደሚያቆመው ነው።

ከጃፓን ገበያ የመጣ መኪና ደግሞ የራሱ ቀልድ አለው። ሬዲዮው ከነስክሪኑ ያምራል፤ ነገር ግን የጃፓን ኤፍኤም ለረጅም ዘመን ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርትዝ ብቻ ስለነበር እንደ ሸገር 102.1 ያለ ጣቢያን ሊይዝ አይችልም። ሞገዱን የሚያሸጋግር ትንሽ ዕቃ ካልተገጠመለት በቀር ያ ሁሉ ድምፅ ማጉያ ዝም ይላል። የመንገድ መሪው ካርታም ቶኪዮን ብሎክ በብሎክ ያውቃል፤ የጎንደሮቹን አራዳን፣ ጃንተከልንና ማራኪን ግን ሰምቷቸውም አያውቅ። በዚህ ምክንያት ነው ብዙዎች ኦሪጅናሉን አውጥተው ርካሽ የቻይና ስክሪን የሚያስገጥሙት። ቀጣዩ ገዢ ለዚህ ስክሪን ብዙም አይጨምርም፤ ሲገጠም የተቆረጠውን ሽቦ ካየ ግን ይቀንሳል።

ዋጋቸው የማይወድቅ ኦፕሽኖች የትኞቹ ናቸው ቢባል፣ የሰሜን ተራሮች ቱሪስት ሲያመላልስ የኖረውን ሀርድቶፕ ላንድክሩዘር ማየት ይበቃል። የሀርድቶፕ ቅንጦት ሌላ ነው፤ እያንዳንዳቸው 90 ሊትር የሚይዙ ሁለት የነዳጅ ታንኮች፣ ከኮፈኑ ጎን ወደ ጣሪያው የሚወጣ የአየር መሳቢያ ቱቦ፣ ጠንካራ ፖርቶ መጋላ፣ የማይከዳ ፎር ዊል። ባለ 4.2 ሊትሩ ናፍጣ ሞተሩ ቱርቦ ስለሌለው ቧሂት ላይ ጥቁር ጭስ እየተፋ ይንፏቀቃል፤ ግን ይደርሳል፣ የሚያቆመው ኮምፒውተርም የለውም። ሰባ ተከታታዩ እ.ኤ.አ. በ1984 ገበያ ሲወጣ ለሥራ የተሠራ መኪና ነበር፤ ብዙ ዘመናዊ ወንድሞቹን ቀብሯል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የቆየው ግጭት የቱሪስቱን እግር ቢያሳጥርም፣ ነዳጅ በሌለበት መንገድ ሁለተኛ ታንክ ያለው መኪና ፈላጊው አልጠፋም። ጎልቶ መታየት በማይመረጥበት ዘመን ደግሞ የሚያብረቀርቅ ጌጥ ራሱ ባለቤቱን ያሳስባል።

ሌላውን የዋጋ ሚዛን የያዘው ሕጉ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ሞተራቸው ከ1,300 ሲሲ ያልበለጠ አዲስ መኪኖችን ታክስ ከ30 ወደ 5 በመቶ አወረደ፤ ከ1,800 በላይ የሆኑትን በ100 በመቶ ላይ ተወ፤ ያገለገሉትን ደግሞ ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድባቸው አደረገ። ሕጉ የሚለካው ሲሲና ዕድሜ ነው፤ የቆዳ ወንበር አይቆጥርም። በጥቅምት 2015 መኪና የውጭ ምንዛሪ ከተከለከለባቸው 38 የዕቃ ዓይነቶች አንዱ ሆነ፤ በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ተነገረ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተለቀቀ። ስለዚህ ቀድሞ የገባች ቪትዝ እያረጀች ዋጋዋ ጨመረ። በዚህ ጊዜ የሸጠ ሰው «ያስገጠምኩት ሁሉ ተመለሰልኝ» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ ዋጋውን ያነሳው ግን ስክሪኑ አልነበረም፣ የመኪና እጥረቱ ነው።

የእጥረት ዘመንም ቢሆን ፍተሻውን አላስቀረም። ገዢው መካኒክ ይዞ ይመጣል። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳከራል፣ ቦሎው ይታያል፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ይነሳል። ከዚያ የኦፕሽኖቹ ተራ ይደርሳል፤ እያንዳንዱ መስኮት ይወርዳል፣ ይወጣል፣ መስታወቱ ይታጠፋል። አንድ ቁልፍ ባይሠራ የሚቀነሰው የቁልፉ ዋጋ ብቻ አይደለም። ገዢው «ይህን ያላሠራ ሰው ዘይቱን በጊዜው ቀይሮ ይሆን?» ብሎ ይጠራጠራል። ዳሽቦርዱ ላይ የኤርባግ መብራት ሳይጠፋ ከቀረማ፣ መኪናው ተጋጭቶ ይሆናል የሚል ጥርጣሬ ይገባና ድርድሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ባዶ ሞዴል በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው፤ የሌለው ነገር አይበላሽበትም።

አውቶማቲክ ካምቢዮ መሃል ላይ ይቆማል። በከተማ፣ በተለይ አዲስ ለጀመረ ሹፌር፣ ዋጋ ይጨምራል። ጣልያን ተራራውን ሸንሽኖ የሠራውን የሊማሊሞ ጠመዝማዛ የሚወርድ ሰው ግን ማርሹን በእጁ መያዝ ይመርጣል፤ ፍሬኑ እንዳይግል ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝለት ይፈልጋል። ለኤቢኤስ ፍሬንና ለኋላ ካሜራ ግን ሳያመነቱ መጨመር ተገቢ ይመስላል፤ ገበያው ለእነዚህ የሚሰጠው ከሚገባቸው ያነሰ ነው።

አሁን ደግሞ ግላሱን ከፋብሪካ ለብሶ የሚመጣ አዲስ ዘር ገብቷል። ከቻይና የሚመጡት እንደ ቮልስዋገን አይዲ 4 ያሉ የኤሌክትሪክ መኪኖች የመስታወት ጣሪያ፣ ትልቅ ስክሪንና በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ወንበር ይዘው ሲመጡ ማንም እንደ ተጨማሪ አይቆጥራቸውም። ለደጋው የሚበጅ አንድ ነገርም አላቸው፤ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስምና ከፍታ ጉልበቱን አይቀንሰውም። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ ሲወርዱ ደግሞ በመውጣት ካጠፉት ኃይል ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳሉ። እጅ ሲቀይሩ የሚጠየቀው ግን ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ ከነበረው አቅም ምን ያህሉ እንደቀረው ነው። ሻጩ የወንበሩን ማሞቂያ ከፍቶ «እስኪ ዳስሰው» ይላል። ገዢው እጁን ወንበሩ ላይ ያሳርፍና በሌላው እጁ ስልኩን አውጥቶ ካሜራውን ወደ ስክሪኑ ያዞራል፤ በቻይንኛ ከተጻፉት መስመሮች ውስጥ ስለ ባትሪው የሚናገረው የትኛው እንደሆነ እያስተረጎመ ይፈልጋል።