ስለ ጉዳት እርዳታና ስለ ፈረስ ቤት ገበሬ

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንገልጸው የምንሞክረው፣ መንግሥት አደጋ ለደረሰበት ገበሬ የሚሰጠው እርዳታ በምን እንደሚለካና ለምዕራብ ጎጃም ገበሬ ለምን እምብዛም እንደማይደርሰው ነው። ለምሳሌ የወሰድነው የደጋ ዳሞት ወረዳ ከተማ የሆነችውን ፈረስ ቤትንና አካባቢዋን ነው።

አገሩ ደጋ ስለ ሆነ ገብስ፣ ስንዴና ድንች ይበቅልበታል፤ ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ ወረድ ሲሉ በቆሎና በርበሬ ይበዛል። ምዕራብ ጎጃም ትርፍ አምራች እየተባለ ይጠራል። ይሁን እንጂ ሰብሉ በሚያሸትበት ወራት የወረደ በረዶ የአንዱን ማሳ አጥፍቶ የጎረቤቱን ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል።

ከወሎ ረሀብ በኋላ በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ሴፍቲኔት የተባለው ፕሮግራም ተጀመረ። ለዚህ ፕሮግራም የተመረጡት ወረዳዎች ከዚያ በፊት ለተከታታይ ዓመታት የምግብ እርዳታ ሲቀበሉ የቆዩት ናቸው፤ ቤተ ሰቡም የሚመረጠው በየዓመቱ ለሦስት ወር ያህል እህል የሚያጥረው መሆኑ ታይቶ ነው። እንግዲህ መለኪያው የሚበላው ሰው እንጂ የጠፋው ማሳ አይደለም ማለት ነው።

ይህ መለኪያ ዘወትር ለሚራበው ሰው ተገቢ ነው። ነገር ግን ማዳበሪያ በብድር ወስዶ ሰብሉን በአንድ ቀን በረዶ ያጣውን ገበሬ አያገኘውም። ይህ ገበሬ በሬውን ሸጦ ዕዳውን ይከፍላል፤ በሚቀጥለው ክረምት የሚያርስበት ስለማይኖረው መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል። ተርቦ ሳይቈጠር ይደኸያል።

በሌላ አገር ጉዳት በገቢ የሚለካበት ጊዜ አለ። የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር በ2013 ዓ.ም.፣ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ገቢያቸው ከመቶ 10 እጅና ከዚያ በላይ ለቀነሰባቸው እንጨት ቈራጮችና አመላላሾች እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር መደበ። ይህን ማድረግ የሚቻለው የጉዳቱና የቀደመው ዓመት ገቢ ተመዝግቦ ሲገኝ ነው።

በጎጃም ግን መመዝገብና መለካት ራሱ የሚያስፈራ ነገር ነበር። በ1930ዎቹ ዓመታት ገበሬው የመሬት ልኬትን ተቃወመ፤ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅም ርስቴን እነጠቃለሁ ብሎ ስለ ሠጋ ዐመፀ። መንግሥት ጦር ከላከ በኋላ ውዝፉን ግብር ማረ። በዚያ ዘመን ለገበሬው የተደረገለት ምሕረት እንጂ ክፍያ አልነበረም። አላን ሆበን የተባሉት አሜሪካዊ ምሁር የርስትን ሥርዓት ያጠኑት በዚሁ በደጋ ዳሞት ስለ ሆነ፣ ርስት ለአገሩ ሰው ምን ያህል ክቡር እንደ ነበረ ከመጽሐፋቸው መረዳት ይቻላል።

ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። በአማራ ክልል በ1990ዎቹ አጋማሽ የመሬት ምዝገባ ስለ ተጀመረ፣ ገበሬው የይዞታ ደብተር ይዟል። ደብተሩ የማሳውን ስፋት ያሳያል፤ በረዶ ያልነካው የጎረቤት ማሳ ደግሞ ሊገኝ ይችል የነበረውን ምርት ይገምታል። ስለዚህ የቀበሌ ሽማግሌዎችና የግብርና ሠራተኛው አደጋው በደረሰ በጥቂት ቀን ውስጥ ማሳውን አይተው ቢመሰክሩ፣ የማዳበሪያውን ዕዳ ለአንድ ዓመት ማሸጋገርና ከዘር ወራት በፊት ዘር መስጠት አይከብድም። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ገንዘብ፣ በሬውን ሸጦ ለተፈታ ቤት ኋላ ከሚወጣው የእህል እርዳታ የሚበልጥ አይመስለንም።