ውሃው ያለፈበት ድንጋይ

በስምጥ ሸለቆ ጥልቅ ጉድጓድ ሲቆፈር ከማሽኑ አጠገብ ትናንሽ የድንጋይ ክምሮች በሰልፍ ተደርድረው ይታያሉ። መሰርሰሪያው ጥቂት ሜትር በወረደ ቁጥር የሚወጣውን ፍርፋሪ ጂኦሎጂስቱ ለይቶ ያስቀምጣል። እፍኝ አንሥቶ ያጥበዋል፣ በማጉያ መነጽር ያየዋል፤ መጀመሪያ ግራጫ አመድ፣ ቀጥሎ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ፐሚስ፣ ከሥር ጥቁር ባዛልት። ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ሰው ውሃው በየትኛው ንብርብር እንዳለፈ፣ ምን ይዞ እንደሚወጣም ይገምታል።

ውሃ በድንጋይ ውስጥ ሲከርም ከድንጋዩ ይወስዳል። የደጋው ባዛልት ለውሃው ካልሲየም ይሰጠዋል፤ ካልሲየም በበዛበት ውሃ ደግሞ ፍሎራይድ ከእሱ ጋር ተጣምሮ ይዘቅጣል። በስምጥ ሸለቆ ወለል ነገሩ ይገለበጣል። ከእሳተ ገሞራ የወጣው አመድና ፐሚስ ፍሎራይድ አለው፣ ከሥር የሚመጣው ሙቀት ድንጋዩን ለማሟሟት ያግዛል፣ ውሃው ሶዲየም የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰው ነው። ፍሎራይዱን የሚይዘው የለም፤ ከውሃው ጋር እስከ እንስራው ይመጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ ላለ ፍሎራይድ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ ያልፋሉ። ጉዳቱ አስቀድሞ የሚታየው በልጆች ጥርስ ላይ ነው። ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ ስለሚነካ ቡናማ ሆኖ ይበቅላል፤ የቱንም ያህል ቢፋቅ አይነጣም። ለዓመታት ሲጠጣ አጥንት ላይ ይደርሳል። በወንጂ የሸንኮራ እርሻ ረጅም ዘመን የሠሩ ሰዎች አንገትና ጀርባቸው ደርቆ መታጠፍ እንዳቃታቸው ሐኪሞች መዝግበዋል። ፍሎራይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ማፍላትም አይረዳም፤ ውሃው በተነነ መጠን የቀረው ይበረታል።

ለዚህ ነው የመሬት ሳይንስ ከመሰርሰሪያው ቀድሞ መድረስ ያለበት። ንብርብሩን የሚያውቅ ባለሙያ ጉድጓዱን ወደ ሸለቆው ጠርዝ፣ ከደጋ የሚወርድ ውሃ ወደሚያገኝበት ቦታ ያስጠጋዋል፤ ወይም መጥፎውን ንብርብር በቧንቧና በሲሚንቶ ዘግቶ ከደህናው ብቻ ይስባል። ከዚያ ፓምፑ ያለማቋረጥ እየሠራ የውሃው ከፍታ ምን ያህል እንደሚወርድ፣ ሲቆምም በምን ያህል ጊዜ እንደሚመለስ ይለካል። ጉድጓዱ በቀን ስንት ሊቀዳ እንደሚችል የሚወሰነው በዚህ ነው።

በመጨረሻ ናሙናው በፕላስቲክ ጠርሙስ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። እናቶች ጀሪካናቸውን ደርድረው እየጠበቁ ይህን ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ውጤቱ እስኪመለስ ቧንቧው ባይከፈት እመርጣለሁ።