ለዋንዛ የሚስማማው ሰም

የእንጨት ዕቃ ከአናጢው እጅ ሲወጣ ሁሉም ያምራል። ልዩነቱ የሚታወቀው ቤት ገብቶ ሥራ ሲጀምር ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከረከቦት የበለጠ ፈታኝ የለም። ትኩስ ቡና የተቀዳበት ስኒ ይደረደርበታል፣ ሲቀዳ ይንጠባጠብበታል፣ ስኒው ሲለቃለቅ ውኃ ይፈስበታል፣ በመጨረሻም በእርጥብ ጨርቅ ይታበሳል። ቡና በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ በሚፈላበት በደቡብ ምዕራቡ የቡና አገር፣ ከቴፒና ከሚዛን ተፈሪ ጀምሮ እስከ ማጂ ወረዳዋ ቱም ድረስ፣ ይህ የየቀን ሥርዓት ነው። ስለዚህ እንጨት በምን ይወልወል የሚለው ጥያቄ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። እዚህ የምናስተዋውቀው ጠንካራውን የሰም ፖሊሽ ነው። የምንከራከርለት ነጥብም አንድ ነው፦ ፖሊሽ መመረጥ ያለበት በመጀመሪያው ቀን በሚሰጠው ብልጭታ አይደለም፤ ሲጎዳ ባለቤቱ ራሱ፣ በእጁ ባለው ነገር ሊያድሰው በመቻሉ ነው።

ሰም ከቫርኒሽ የሚለየው በባሕርይው ነው። ቫርኒሽ ከተቀባ በኋላ ተለውጦ ጠንካራ ልባስ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ፈሳሽነት አይመለስም። ሰም ግን አይለወጥም። ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲበርድ ይጠነክራል፣ እንደገና ሲሞቅ እንደገና ይለሰልሳል። ድክመቱም ብርታቱም ከዚህ ይመነጫል። ስለዚህ አንድን ሰም ከሌላው ለማወዳደር ቀላሉ መለኪያ የሚቀልጥበት ሙቀት ነው። የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል። ከብራዚል ሰሜን ምሥራቅ ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ዛፍ ቅጠል ተራግፎ የሚገኘው ካርናውባ ደግሞ ከ82 እስከ 86 ዲግሪ ድረስ ይቋቋማል፤ ከተፈጥሮ ሰሞች ሁሉ ጠንካራው እሱ ነው። ከነዳጅ የሚወጣው ፓራፊን እንደ ደረጃው ይለያያል፤ ለርካሽ ሻማ የሚውለው ብዙ ጊዜ ከንብ ሰም ቀድሞ ይቀልጣል፣ ሲዳስሱትም የቅባት ስሜት አለው። ገበያ ላይ «ጠንካራ ሰም» እየተባለ የሚሸጠው ፖሊሽ በአብዛኛው የንብ ሰምና ካርናውባ ተቀላቅለው፣ በተርፐንታይን ወይም በተመሳሳይ ማቅጠኛ ለስልሰው የተዘጋጁበት ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ወደ ረከቦቱ እናምጣቸው። ሚዛን ተፈሪ ከባሕር ጠለል በላይ 1,450 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከምድጃ የወረደ ጀበና ይህን ሙቀት ይዞ በቀጥታ እንጨት ላይ ቢቀመጥ የንብ ሰምም ሆነ ካርናውባ አይችለውም፤ ለዚህም ነው ማቶት ያለው። ስኒ ግን ሌላ ነው። ቡናው ሲቀዳ ሙቀቱ ይቀንሳል፣ ሸክላው ደግሞ የተወሰነውን ይወስዳል፤ ግርጌው ንጹሕ የንብ ሰምን ለማለስለስ ይበቃል፣ ካርናውባ የገባበትን ግን እምብዛም አይነካውም። የንብ ሰም ብቻ የተቀባ ረከቦት ላይ ነጣ ያለ ክብ ምልክት የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ታዲያ ለምን ካርናውባ ብቻውን አይቀባም? ብቻውን ሲሆን ተሰባሪ ነው፤ በእጅ ለመዘርጋትና ለመወልወልም ያስቸግራል። የንብ ሰሙ ልስላሴውን፣ ካርናውባው ጥንካሬውን ይሰጣሉ። ለጀማሪ ጥሩ መነሻ በክብደት አንድ እጅ ካርናውባ ለሦስት እጅ የንብ ሰም ነው። ብልጭታው የሚመጣው ከሰሙ ብዛት እንዳልሆነም ማወቅ ያስፈልጋል። ሊስትሮ ጫማን የሚያበራው ቀለሙን በማወፈር አይደለም፤ በስሱ ቀብቶ በብሩሽና በጨርቅ ደጋግሞ በማሸት ነው። እንጨትም እንዲሁ ነው፤ የወፈረ ሰም ይጣበቃል፣ አቧራ ይሰበስባል።

ከሁለቱ ሰሞች አንዱ ከውቅያኖስ ማዶ ይመጣል፤ ሌላው ግን እዚሁ ደጅ ላይ ነው። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ስትሆን፣ የደቡብ ምዕራቡ ጫካ ከዋነኞቹ የማር ምንጮች አንዱ ነው። በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የተመዘገቡት የከፋ (እ.ኤ.አ. 2010)፣ የሸካ (2012) እና የማጃንግ (2017) ደኖች ቀፎ በዛፍ ላይ የሚሰቀልባቸው አገሮች ናቸው። የማሻ አካባቢ ነጭ ማር ከጌተም አበባ ጋር ስሙ ይነሳል። ባህላዊው ቀፎ በማር ብዛት ከዘመናዊው ቢያንስም በሰም ይበልጠዋል። በዘመናዊው ቀፎ የማር እንጀራው ማሩ ተጨምቆለት ወደ ንቦቹ ይመለሳል፤ በባህላዊው ግን ከነማሩ ተቆርጦ ይወጣል። ስለዚህ ከባህላዊ ቀፎ ከሚወጣው ማር ከ8 እስከ 10 በመቶ የሚሆን ሰም ሲገኝ፣ ከዘመናዊው የሚገኘው 2 በመቶ ቢደርስ ነው። የማሩ ብዙ ክፍል ለጠጅ ስለሚውል ሰፈፉ ከጠጅ ቤት ይወጣል፣ ተነጥሮም ጧፍ ይሆናል ወይም ለውጭ ገበያ ይላካል። ለእንጨት ፖሊሽ የሚያስፈልገውም ይኸው ሰም ነው።

ሰፈፍን ለፖሊሽ ማብቃት ብዙ ጥበብ አይጠይቅም፤ ጥንቃቄ ግን ይጠይቃል። በውኃ ይቀልጣል፣ በወፍራም ጨርቅ ይጠለላል፣ ቀስ ብሎ እንዲበርድ ይተዋል፤ በጋገረው ሰም ሥር የሚቀረው ጥቁር ዝቃጭ በቢላዋ ይፋቃል። ሰም በውስጡ አሲድ ስላለው የብረትና የመዳብ ዕቃ ያጠቁረዋል፤ የአሉሚኒየም ድስት ይሻላል። ተገዝቶ የሚመጣውን ሰም ደግሞ መመርመር ያስፈልጋል፣ ፓራፊን ወይም ሞራ የተቀላቀለበት አይጠፋምና። ንጹሕ የንብ ሰም ሲሰበር ስባሪው ደብዛዛና ፍርፍር ያለ ነው። በጣት ሲታሽ ይለሰልሳል እንጂ ጣት ላይ አይቀርም፤ ሽታውም የማር ነው። ፓራፊን የበዛበት ያንሸራትታል፣ ሞራ የገባበት ሲሞቅ ሽታው ራሱ ይናገራል። ፖሊሹ ሲዘጋጅ ሁለቱ ሰሞች በቀጥታ እሳት ላይ አይጣዱም፤ ውኃ በተጣደበት ድስት ውስጥ በሌላ ዕቃ ይቀልጣሉ። ተርፐንታይኑ የሚጨመረው ዕቃው ከእሳት ርቆ ከወረደ በኋላ ነው። የተርፐንታይን ትነት በ35 ዲግሪ አካባቢ እንኳ እሳት ለመያዝ ይበቃል፤ የቀለጠ ሰም ደግሞ ከዚያ እጅግ የሞቀ ነው።

ምርጫው በእንጨቱም ይወሰናል። በቡና እርሻው ጥላነት የሚታወቀው ዋንዛ ለመላጊያ የሚታዘዝ፣ ውስጡ ቀላ ያለ ቡናማ እንጨት ነው፤ ነገር ግን ሸካራና በዓይን የሚታዩ ቀዳዳዎች አሉት። በላዩ የተቀባ ለስላሳ ሰም ቀዳዳዎቹ ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ይሆናል፤ ቀለሙ በጠቆረ ዋንዛ ላይ ይህ ዱቄት የተነሰነሰበት ያስመስለዋል። መፍትሔው በደንብ በደቀቀ ብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ ሰሙን በስሱ መቀባት፣ ሳይደርቅ በጠንካራ ብሩሽ በእንጨቱ መስመር ማሸት ነው፤ በተፈጥሮው ጠቆር ያለው የሰፈፍ ሰምም ከነጣው ሰም ይልቅ ለዋንዛ ይስማማል። ቡና ሲጎነደል የሚወጣው ግንድ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። የቡና እንጨት ጠንካራ፣ ከባድና ደቃቅ ነው፤ ለዘንግ፣ ለእጀታና በቶርኖ ለሚሠሩ ትንንሽ ዕቃዎች ይሆናል። ቀዳዳው ስለማይታይ ጠንካራው ሰም በቀጥታ ይያዝለታል፤ ቶርኖ ላይ እየዞረ ሳለ ሰሙ ቢነካውና በጨርቅ ቢጫን ፍትጊያው የሚፈጥረው ሙቀት ብቻ ካርናውባውን ዘርግቶ ያበራዋል። ለገበቴና ለእንጨት ማንኪያ ግን ተርፐንታይን ያለበት ፖሊሽ አይመከርም፤ ንጹሕ የንብ ሰም ከሚበላ ዘይት ጋር በቂ ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራው ተቃውሞ ይነሳል። ሰም እርጥበትን አይከለክልም የሚሉ አሉ፣ እውነትም አላቸው። በዊስኮንሲን፣ ማዲሰን የሚገኘው የአሜሪካ የደን ውጤቶች ላቦራቶሪ ቅቦች እርጥብ አየር ወደ እንጨት እንዳይገባ ምን ያህል እንደሚከላከሉ ለክቷል። ሦስት ጊዜ የተቀባ የፈርኒቸር ሰም በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ቢያግዝም ከሳምንት በኋላ የቀረ መከላከያ አልነበረም። በሚዛን ተፈሪ አካባቢ በዓመት ከ1,700 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይወርዳል፤ ስለዚህ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚህ የሚከተለው ግን ሰም ይቅር የሚል አይደለም፤ ከሰም የማይችለው አይጠየቅ የሚል ነው። እንጨትን ከመጣመምና ከመሰንጠቅ የሚያድነው መጀመሪያ በደንብ መድረቁና መጋጠሚያው ለመንቀሳቀስ ቦታ ያለው መሆኑ ነው። የፈሰሰ ውኃን ለማዘግየት ደግሞ ሰሙ ከመቀባቱ በፊት የሚደርቅ ዘይት ይጠጣ። የተልባ ዘይት ከአየር ጋር ተዋሕዶ ስለሚጠነክር ለዚህ የታወቀ ነው፤ የኑግ ዘይት ባሕርዩ ቢቀርብም አደራረቁ የዘገየ ስለሆነ በጣም ስስ ካልሆነ ተጣባቂ ሆኖ ይቀራል። በዝናብ ወራት ሁለቱም ስለሚዘገዩ በቅብና በቅብ መካከል ያለው ጊዜ መርዘም አለበት። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ በራሱ ሙቀት ሊነድ እንደሚችልም አይዘንጋ፤ ተዘርግቶ ይድረቅ ወይም ውኃ ውስጥ ይነከር።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ታዲያ ለምን ቫርኒሽ ተቀብቶ አይገላገሉትም?» የሚል ነው። ደጅ ላይ ለሚውል በርና መስኮት፣ ሁልጊዜ ውኃ ለሚነካው የምግብ ቤት ጠረጴዛ ቫርኒሽ ይበልጣል፤ ይህን መካድ አይገባም። ቤት ውስጥ ላለ ወንበር፣ ሳጥን፣ መደርደሪያና ረከቦት ግን ሒሳቡ ይለወጣል። ቫርኒሽ ሲሰነጠቅ ውኃ በስንጥቁ ገብቶ ከሥሩ ይሰራጫል፤ ልባሱ እየነጣ ይላላጣል። ለመጠገን አሮጌውን ሁሉ መፋቅ፣ እንደገና ማለስለስ፣ አዲስ ቫርኒሽና ቲነር መግዛት ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ ሚዛን ተፈሪ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቱም ደግሞ ከዚያም አልፋ ናት። በእንዲህ ያለ ርቀት ላይ ጥገናው ሩቅ ገበያ የሚያስኬድ ቅብ በተግባር የማይጠገን ቅብ ነው። በሰም የተወለወለ ረከቦት ላይ የስኒ ምልክት ቢወጣ ግን ቦታው ብቻ ደርቆ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይዳሰሳል፣ ጣት የማትሞላ ሰም ይቀባል፣ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ በጨርቅ ይወለወላል። አዲሱ ሰም ከአሮጌው ጋር ይዋሐዳል፤ ድንበር አይታይም። ካርናውባው ባይገኝ እንኳ ለማደስ የአገር ቤቱ ሰም ብቻውን ይሠራል።

ሰም ሥራ ያበዛል፣ በዓመት ሁለት ጊዜ መቀባት ይሰለቻል የሚለውም ችላ አይባልም። ሥራው እውነት ነው፤ ግን ትንሽ በትንሽ የሚከፈል ነው፣ ቫርኒሽ ደግሞ አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ያስከፍላል። ጠንካራው ቅልቅል ከንጹሕ የንብ ሰም የሚመረጥበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ በእድሳት መካከል ያለውን ጊዜ ያረዝማል። ዕቃው የሚሠራበት እንጨት ክብርም በሒሳቡ መግባት አለበት። በአዋጅ ቁጥር 94/1986 ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጥድ ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ ተከልክሎ ነበር፤ አዋጁ በኋላ በሌላ ቢተካም ዛፎቹ ለምን እንደዚያ እንደተጠበቁ ግልጽ ነው። ለመድረስ አሥርተ ዓመታት የሚፈጅ እንጨት ልባሱ ሲበላሽ አብሮ የሚጣል ዕቃ ሊሆን አይገባም። ሰም ዕድሜ የለውም ለሚል ደግሞ በግብፅ ፋዩም የተገኙት፣ ከ1ኛው እስከ 3ኛው ክፍለ ዘመን በቀለም በተነከረ የንብ ሰም እንጨት ላይ የተሣሉት ሥዕሎች መልስ ናቸው። የበረሃው ድርቀት እንደረዳቸው እሙን ነው፤ ነገር ግን ሰሙ ራሱ በጊዜ ብዛት እንደማይበሰብስ ያሳያሉ።

የተዘጋጀ ፖሊሽ በጣሳ የሚገዛ ሰው በጣሳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ቢያነብ ይጠቀማል። የንብ ሰምና ካርናውባ በዋናነት ከተጠቀሱ ጥሩ ነው፤ ፓራፊን ከቀደመ ዋጋው ርካሽ ቢሆንም ልስልስ ነው። ሲሊኮን ካለበት መተው ይሻላል፤ እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ስለሚቀር ወደፊት ቫርኒሽ ወይም ቀለም ልቀባ ቢሉ ቅቡን እየሸሸ ያበላሸዋል። ለመኪና የተሠራ ሰም ለእንጨት የማይመከረውም ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። የሚደርቅ ዘይትና ሰም በአንድ ጣሳ የያዙ ቅቦችም አሉ፤ ውኃን ከሰም ብቻ በተሻለ ይቋቋማሉ፣ ግን ክዳናቸው ከተከፈተ በኋላ ብዙ አይቆዩም፣ የሚታደሱትም በዚያው ዓይነት ጣሳ ነው። ከሁሉም በፊት ግን ሻጩን ወይም አናጢውን አንድ ነገር መጠየቅ ይገባል፦ «ይህ ሲበላሽ በምን አድሰዋለሁ?» መልሱ ማር ከሚሸጥበት ገበያ በሚገኝ ሰምና በአንድ ቁራጭ ጨርቅ ከሆነ ለቤት ዕቃ ከዚያ የሚሻል ምርጫ የለም። መልሱ ከሩቅ የሚመጣ ጣሳ ከሆነ ደግሞ ገዢው የሚከፍለው የዛሬውን ዋጋ ብቻ እንዳልሆነ አውቆ ይግዛ።