ክፍል የሌለው ቀን እንዴት ይውላል?

ማኔጅመንት የምናጠና ተማሪዎች ስለ ዕቅድ፣ ስለ ማደራጀትና ስለ ቁጥጥር ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ስንማር ቆይተናል። ፈተና ላይም አሳምረን እንጽፈዋለን። የራሳችንን ቀን ማኔጅ ማድረግ ሲመጣ ግን ብዙዎቻችን እንቸገራለን። ችግሩ ጎልቶ የሚታየው በመጨረሻው ሴሚስተር ነው። ኮርስ ይቀንሳል፤ የሚቀረው የመመረቂያ ጽሑፍ ይሆናል። አቴንዳንስ የለም፣ "የት ነበርክ?" የሚል መምህር የለም። ቀኑ ሙሉ በሙሉ የኛ ነው። ታዲያ ለምን ያመልጠናል?

እስቲ ከራሴ ልጀምር። በዚህ ሴሚስተር መጀመሪያ ላይ ለጽሑፌ ብዬ ሁለት ሳምንት ነጻ አደረግሁ። ጠዋት "ላይብረሪ እገባለሁ" ብዬ እነሣለሁ፤ ቁርስ ይረዝማል፤ ከቁርስ በኋላ ሻይ፣ ከሻይ በኋላ "ቴሌግራም ብቻ ልይ" እያልኩ 6 ሰዓት ይሆናል። ከምሳ በኋላ ደግሞ እንቅልፍ። ማታ "ነገ በደንብ እሠራለሁ" ብዬ እተኛለሁ። ሁለቱ ሳምንት ሲያልቅ በእጄ የነበረው አንድ ገጽ ተኩል ነው። እናቴ ደውላ "ጽሑፉ እንዴት ሆነ ልጄ?" ስትለኝ "እየሄደ ነው እማዬ" እላለሁ። እየሄደ አልነበረም። አማካሪዬ ግን ግልጹን ነገሩኝ፤ "በዚህ አያያዝህ ከጓደኞችህ ጋር አትመረቅም" አሉኝ።

ችግሩ ስንፍና ብቻ ነው?

ስንፍና አለበት፤ አልክድም። ነገር ግን ሌላም ምክንያት አለ። እንግሊዛዊው ሲ. ኖርዝኮት ፓርኪንሰን በ1955 እ.ኤ.አ. ዘ ኢኮኖሚስት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ ሥራ የተሰጠውን ጊዜ እስኪሞላ ድረስ እየሰፋ ይሄዳል ብሎ ነበር። "የፓርኪንሰን ሕግ" የሚባለው ይህ ነው። "ቀኑን ሙሉ እሠራዋለሁ" ያልነው ሥራ ቀኑን ሙሉ ይበላል።

ሁለተኛው ምክንያት ግምታችን ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. ቡለር፣ ግሪፊንና ሮስ የተባሉ ተመራማሪዎች እንደኛው የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ የነበሩ የሳይኮሎጂ ተማሪዎችን "በስንት ቀን ትጨርሳላችሁ?" ብለው ጠየቁ። የመልሱ አማካይ 34 ቀን ገደማ ነበር። "ሁሉ ነገር ቢበላሽባችሁስ?" ሲባሉ ወደ 49 ቀን ከፍ አደረጉት። በተግባር የፈጀባቸው ግን በአማካይ ከ55 ቀን በላይ ነው። ክፉውን ሁሉ አስበው የገመቱት እንኳ አልበቃም ማለት ነው።

ስለዚህ መፍትሔው "ጠንክሬ እሠራለሁ" ብሎ መማል አይደለም። ለቀኑ ወሰን ማበጀት ነው።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ሥራውን መቁረስ። "ምዕራፍ ሁለትን መጻፍ" ምኞት እንጂ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። "ስለ ደንበኞች እርካታ ያነበብኳቸውን ሦስት ጽሑፎች በአንድ ገጽ ማጠቃለል" ግን ሥራ ነው፤ ማለቁና አለማለቁ ይታወቃል።

ሁለተኛ፣ ለከባዱ ሥራ ጥሩውን ሰዓት መስጠት። ለእኔ ከጠዋቱ 2 እስከ 5 ሰዓት ነው፤ ሌሊት የሚሻለውም አለ። ፎቶ ኮፒ፣ መጠይቅ ማደልና ስልክ መደወል ለከሰዓት ይቆዩ። ብዙዎቻችን የምናደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ቀላል ቀላሉን አስቀድመን ከባዱ ላይ ስንደርስ ደክሞናል።

ሦስተኛ፣ በአጭር በአጭሩ መሥራት። ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ሲሪሎ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ ተማሪ ሳለ፣ የቲማቲም ቅርጽ ባለው የወጥ ቤት ደቂቃ ቆጣሪ ያጠና ነበር። ዘዴው ዛሬ "ፖሞዶሮ" ይባላል፤ በጣሊያንኛ ቲማቲም ማለት ነው። 25 ደቂቃ ሥራ፣ 5 ደቂቃ እረፍት፤ ከአራት ዙር በኋላ ረዘም ያለ እረፍት። በ25ቱ ደቂቃ ስልክ ቦርሳ ውስጥ ይገባል።

አራተኛ፣ ማቆሚያ ሰዓት መወሰን። እኔ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ሥራ አቆማለሁ። ማብቂያ እንዳለው የሚያውቅ ሰው ሻይ ላይ ሁለት ሰዓት አይቀመጥም። ከመነሣቴ በፊት የነገን የመጀመሪያ ሥራ በአንድ መስመር እጽፋለሁ። ጠዋት "ከየት ልጀምር?" እያልኩ የማባክነው ጊዜ ቀርቶልኛል።

አምስተኛ፣ ለሚበላሸው ነገር ቦታ መተው። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቋረጣል፣ መጠይቅ የሚሞላልን ሰው "ነገ ና" ይላል። ቀኑን ጢም አድርጎ ከመሙላት ከሰዓት ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ክፍት መተው ይሻላል። መብራት ቢጠፋም ፕሪንት የተደረገ ረቂቅ በእስክርቢቶ ማረም ይቻላል።

"ጊዜ የለኝም" የምንልስ?

ቀን ሥራ ውለው ማታ የሚማሩ ጓደኞቻችን "ይሄ ጊዜ ላለው ሰው ነው" ይሉ ይሆናል። የ19ኛው መቶ ዘመን እንግሊዛዊ ደራሲ አንተኒ ትሮሎፕ ብዙዎቹን ልብ ወለዶቹን የጻፈው የፖስታ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሳለ ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥና ሰዓቱን ፊት ለፊቱ አድርጎ በየ15 ደቂቃው 250 ቃል ለመጻፍ ይሞክር ነበር። ቡና ይዞ ለሚቀሰቅሰው ሠራተኛም ለዚሁ አገልግሎት በዓመት 5 ፓውንድ ይጨምርለት ነበር። ልብ በሉ፤ ያን ያህል የጻፈ ሰው እንኳ ለመነሣት በራሱ ላይ ብቻ አልተማመነም።

እኛ የምንከፍለው የለንም፤ የዶርም ጓደኛ ግን አለን። እኔና ጓደኛዬ ማታ ማታ "ዛሬ ምን አለቀ?" ተባብለን ደብተር እንተያያለን። ባዶ ገጽ ማሳየት ያሳፍራላ!

ለማጠቃለል ያህል፣ ተቆጣጣሪ የሌለው ቀን ነጻ ቀን ይመስላል እንጂ ወሰን ካልተበጀለት ማንም የሚወስደው ቀን ነው። የተቆረሰ ሥራ፣ የተወሰነ ሰዓት፣ መጠባበቂያ ጊዜና የሚጠይቀን አንድ ሰው ካሉ ይያዛል። እኔም በዚህ ዘዴ ምዕራፍ ሁለትን በ10 ቀን እጨርሳለሁ ብዬ 16 ቀን ፈጀብኝ። ግምቴ አሁንም ልክ አልሆነም፤ ምዕራፉ ግን አልቋል። ባለፈው እሑድ እናቴ ስትደውል "ምዕራፍ ሦስት ላይ ነኝ" አልኳት። ይህኛው እውነት ነው።