ግጥም በጆሮ ይቆጠራል

ፀጋዬ ገብረ መድኅን ስለ መርካቶ የጻፈው ግጥም ርዕሱ «አይ መርካቶ» ነው። ጮክ ብላችሁ በሉት፦ አይ፣ መር፣ ካ፣ ቶ። ወረቀቱ ላይ 6 ፊደል አለ፤ ጆሮ የሚሰማው ግን 4 ነው። «ይ» እና «ር» ሳድስ ስለሆኑ አናባቢያቸው ተውጦ ከፊታቸው ካለው ፊደል ጋር በአንድ ትንፋሽ ይወጣሉ። እንዲህ በአንድ ትንፋሽ የሚወጣው ድምፅ በሥነ ግጥም ቀለም ይባላል። ሳድስ ሁሉ ግን አይዋጥም፤ «ልብ» ስንል «ል» ትቆጠራለች፣ «ብ» አትቆጠርም። ዳኛው ጆሮ ነው።

የሸማ ተራን ማለዳ ለማሳያ ልግጠመው፦

ገና ጎህ ሳይቀድ ነው፣ የሚነቃው ተራ፣
ነጋዴው ደላላው፣ ደንበኛ ሲጠራ።

የመጀመሪያው ስንኝ ግማሽ 10 ፊደል አለው፤ «ህ»፣ «ይ»፣ «ድ» እና «ው» ሲዋጡ 6 ቀለም ይቀራል። ሌላው ግማሽ 7 ፊደል ነው፤ «ው» ብቻ ስትዋጥ እሱም 6 ይሆናል። በዓይን የማይመጣጠኑት ሁለቱ ግማሾች በጆሮ እኩል ናቸው። ሁለተኛውን ስንኝ ራሳችሁ ቁጠሩት፤ 6 በ6 ሆኖ ታገኙታላችሁ። ይህ የወል ቤት ነው፣ ከሁሉ ይልቅ የተለመደው ምጣኔ። ሰንጎ መገን 5 በ5፣ የቡሄ በሉ ቤት 4 በ4 ይሄዳል። ፀጋዬ ደግሞ 8 በ8 የሆነ ረጅም ስንኝ ስላስለመደ ምጣኔው «የፀጋዬ ቤት» ተብሎ በስሙ ይጠራል።

«ተራ» እና «ሲጠራ» ቤት የሚመቱት በመጨረሻዋ «ራ» ነው። በ«ሲጠራ» ፈንታ «ጋራ» ቢገባም ቤቱ ይመታል፤ ግን ያን ያህል አይደምቅም። እዚህ ከ«ራ» በፊት ያሉት «ተ» እና «ጠ» ሁለቱም ግእዝ በመሆናቸው ድምፁ ቀደም ብሎ መመሳሰል ይጀምራል። ጥሩ ገጣሚ ይህን ቅርበት ፈልጎ ያመጣዋል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ሸማ ተራን፣ ቦምብ ተራን እና ምናለሽ ተራን በሦስት ስንኞች መጨረሻ ደርድሯቸው። ቤት መቱ አንልም፤ የመጣው ያው አንዱ ቃል ነውና። ይህ ድግግሞሽ ነው፣ ሥራውም ሌላ ነው። ቤት መምታት ሁለት የተለያዩ ቃላትን በድምፅ ያገናኛል፤ ድግግሞሽ ግን አንዱን ቃል እየመለሰ በአዲስ ነገር ጎን ያቆመዋል። የታክሲ ረዳት «መርካቶ፣ መርካቶ፣ መርካቶ» ሲል ሦስቱም ጥሪ አንድ ነው፤ በግጥም ውስጥ እንዲህ ከሆነ ድግግሞሹ ባዶ ቀርቷል ማለት ነው። ስለዚህ የሚመለስ ሐረግ ስታገኙ ስንት ጊዜ መጣ ከማለት ይልቅ ከእሱ በፊት ምን ተባለ ብላችሁ መርምሩ። ስለ ገበያው ሀብት ከሚናገር ስንኝ ቀጥሎ «አይ መርካቶ» ቢባል አድናቆት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጆንያ ተሸክሞ ራቱን ሳያገኝ ስለሚመሽበት ሰው ከሚናገር ስንኝ በኋላ ያው 4 ቀለም ወቀሳ ይሆናል።